ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል!

በግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለ። አጭር እጅጌ ስለብስ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ልጅ ሆኜ ማጀት ገብቼ ነው» እላለሁ። እስቲ ልብ በሉልኝ! «ድስት ተደፍቶብኝ ነው» አልልም። ጥፋቱ የድስቱ ሳይሆን የመግባቴ ነው ማለት ነው። ይህን መልስ 30 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳልመረምረው ኖርኩ። ያስመረመረኝ የሦስት ዓመት ተኩል ልጄ ነው።

እናት ስሆን የመጀመሪያው ሕጌ ምን እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ኪችን ክልክል ነው! ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው። ኪችኑ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርበት ዓይነት ነው። ሠራተኛችን የተቀጠረች ቀን «ከዚህ በር እንዳያልፍ! ከእሳት ጋር ቀልድ የለም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ጭር ብሏል። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ጭርታ ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል፤ ወይ ተኝቷል፣ ወይ አንድ ነገር እያጠፋ ነው። ሮጬ ኪችን ስደርስ ጌታው ዱካ ላይ ጉብ ብሏል። ጉልበቱ ላይ ትንሽ ትሪ፣ ትሪዋ ላይ ምስር። በሁለት ጣቱ ጠጠር ይፈልጋል፤ ሲያገኝ «አገኘሁ!» ብሎ ሲኒ ውስጥ ጠብ ያደርጋታል። ምላሱን በከንፈሩ ዳር አውጥቶ እንዲያ ተመስጦ አይቼው አላውቅም። ሠራተኛችን ከሱ ፈንጠር ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች። ምድጃው ገና አልበራም።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔን ግን ጠባሳዬ አሳከከኝ። ጮህኩ። ልጁን ብድግ አድርጌ ሳሎን ወሰድኩት፣ ምስሩ ተበተነ፣ እሱ አለቀሰ፣ እሷ ደነገጠች። ትንሽ ቆይታ ግን ቀስ ብላ «እትዬ፣ ሥራ ከሰጡት እኮ ከዱካው አይነሳም። የሚያጠፋው ሥራ ሲያጣ ነው» አለችኝ። ይህቺ ልጅ አገሯ ስድስት ታናናሾቿን እያዘለች ያሳደገች ናት። እኔ ግን «አንቺ ደግሞ ልትመክሪኝ ነው?» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዚያው ሰሞን አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ነገሩን ስነግራቸው «ደግ አደረግሽ! ወንድ ልጅ ማጀት ለማጀት ሲል አድጎ ምን ሊሆን ነው? ነገ መሳቂያ ነው የሚሆነው» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁና በዚህ ጉዳይ ከአማቴ ጋር ተስማምቼ አላውቅም። ልጃቸውን፣ ማለትም ባለቤቴን፣ ያሳደጉት በዚሁ ደንብ ነው። ውጤቱን የማየው ደግሞ እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ከከተማ ብወጣ ሦስቱንም ቀን ምሳና ራቱን ምግብ ቤት የሚበላ፣ ዕንቁላል ጥበስ ቢሉት ዘይቱን ከዕንቁላሉ በኋላ የሚጨምር፣ የ38 ዓመት ሙሉ ሰው! ያን ቀን ግን ቃላቸው ለፍርሃቴ መሸፈኛ ሆነልኝና «እሱስ ልክ ነዎት፣ እማዬ» ብዬ አለፍኩ። ትንሿን ትሪም ዳግም እንዳያያት ብዬ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ከኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያው ጀርባ ሸጎጥኳት። ይህቺን ትሪ ያዙልኝ!

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሠራተኛችን ወጣ ብላለች። ለሻይ ውሃ አፍልቼ ቅጠሉን ልጨምር ስል ስልክ ጠራ። ሳሎን ሄጄ አነሳሁት። ወሬው ረዘመ። ልጁ መኝታ ቤት በመኪናው እየተጫወተ መስሎኛል። ቀጥሎ የሰማሁት ዱካ መሬት ለመሬት ሲጎተት ነው። ከዚያ «ጓ!» … ከዚያ ጩኸት።

ዱካውን ጎትቶ፣ ላዩ ላይ ቆሞ፣ ትሪዋን ሊያወርድ ሲንጠራራ የማፍያውን ገመድ ስቦታል። ውሃው ከፈላ ቆይቷል፤ አብዛኛውም የፈሰሰው ወለሉ ላይ ነው። የቀረው ግን በቀኝ እግሩ ላይ ከነካልሲው ወርዷል። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ምን ይመስላችኋል? የጥርስ ሳሙና ፍለጋ መሮጥ! እናቴ በ1987 ዓ.ም. ለኔ ያደረገችው እሱን ነዋ። ደግነቱ ጩኸቱን ሰምታ የደረሰችው ጎረቤታችን ነርስ ናት። «ተዪው እሱን! ውሃ አምጪ!» አለችኝ። ቧንቧውን ብከፍት ደረቅ ነው፤ የውሃ ፈረቃችን አልነበረም። ከጀሪካን በጆግ እየቀዳሁ አቀበልኳት። ካልሲውን አውልቃ ሰዓቷን እያየች ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት። 20 ደቂቃ ሙሉ! ልጅ እያለቀሰ 20 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም አትጠይቁኝ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ሕክምና ሮጥን።

ይህን እናንተም ያዙት። ለቃጠሎ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ዕንቁላል የሚባል ነገር አይቀባም። ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዘዋል። በረዶም አይደረግም። የሚፈለገው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ልብሱ ቆዳው ላይ ካልተጣበቀ ይወልቃል። ቀሪው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፈናል። ውሃ ከቋጠረ፣ ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊትን፣ እጅንና ብልትን ከነካ «ነገ እናየዋለን» የለም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። የልጅ ቆዳ ስስ ነው። እኛን «ኡፍ» የሚያሰኘን ውሃ እነሱን ይልጣቸዋል።

ተመስገን ነው፣ የሱ ላይ ላዩን ሆኖ ተረፈ። ዛሬ ምልክቱም አይታይም። ከሕክምና ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው «ምን ፈልገህ ነው የወጣኸው፣ የኔ ጌታ?» አልኩት። አፍንጫውን እየሳበ «ምስር ልለቅም» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱ! ከእሳት ላድነው ብዬ እሳቱ አጠገብ ያስቀመጥኩለት ራሴ ነኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ። «እስቲ የኔን ነገር እንደገና ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። የበዓል ዋዜማ ነው። እኔ አራት ዓመቴ ነው። ትልልቆቹ እህቶቼ ማጀት ውስጥ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ በገባሁ ቁጥር «ውጪ! ትቃጠያለሽ!» እየተባልኩ ስባረር ዋልኩ። በኋላ እንግዳ መጥቶ ሁሉም ሊቀበል ሲወጣ፣ ማንም በሌለበት ገባሁ። «ያን ቀን አጠገቤ አስቀምጬሽ አንድ ራስ ሽንኩርት አስይዤሽ ቢሆን ኖሮ…» ብላ እናቴ ስልኩ ላይ ዝም አለች። ለካ እኔ የተቃጠልኩት ማጀት ስለገባሁ አይደለም። ብቻዬን፣ ተደብቄ ስለገባሁ ነው። ልጄም እንዲሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሠራተኛችንን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ትሪዋን አወረድኩ። ከዚያ ሦስታችን ተቀምጠን ሕግ አወጣን። ሕጎቹ ለናንተም ይጠቅሙ ይሆናል።

አንደኛው፣ የልጅ ሥራ የሚሠራው ምድጃ ሳይበራ ነው። ወለሉ ላይ ከምድጃው አንድ ሜትር ራቅ አድርገን ቀይ ፕላስተር ለጥፈናል። እሳት ሲበራ ዱካው ከመስመሩ ወዲያ ነው። አሁንማ እኔ ራሴ ክብሪት ሳነሳ «እማዬ፣ መስመር!» እያለ የሚያስታውሰኝ እሱ ሆኗል።

ሁለተኛው፣ የድስትና የመጥበሻ እጀታ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ገመድ አይንጠለጠልም። ቡና ሲፈላ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰሉም ጀበናውም መሬት ላይ፣ ልክ በልጅ ቁመት ናቸውና። የሱ ድርሻ ቄጠማ መጎዝጎዝና ባዶ ሲኒ አንድ በአንድ ማቀበል ነው። ከቀዳሁ በኋላ ከቦታው ንቅንቅ የለም። የቡና ቁርሱ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል።

ሦስተኛው፣ በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ጥሬ ሥጋና ጥሬ ዕንቁላል የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ልጅ እጁን ከዓይኑና ከአፉ አይለይም። ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። በረኪናና ነጭ ጋዝ ደግሞ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ኪችን ውስጥ እንዳይቀመጥ! ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

«የሦስት ዓመት ልጅ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ! ሁለት ዓመት የሞላው ድንች በሳፋ ያጥባል፣ ጎመንና ሰላጣ በእጁ ይበጥሳል። ሦስት ዓመት ሲሆነው ምስር ይለቅማል፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ይልጣል፣ የቀዘቀዘ ቂጣ ለጨጨብሳ ይቆራርሳል። በሶ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር የለውም፤ ሳህን ሰጥታችሁ ጭብጦውን እሱ ይጨብጥ። ዳቦ ስትጋግሩ ከሊጡ አንድ ጭብጥ ቆርሳችሁ ስጡት። የወደደውን ቅርጽ ያውጣለት፤ ከትልቁ ዳቦ ጎን አብሮ ይጋገር። ብቻ የውሸት ሥራ አትስጡት። ልጅ ባዶ ድስት በማንኪያ አማስል ሲባል እንደተሸወደ ያውቃል። የኔው ጌታ የለቀመው ምስር ወጥ ሆኖ ሲቀርብ ነው ደረቱን የሚነፋው። ድሮ ጎመን ሲያይ አፉን የሚቆልፍ ልጅ፣ ራሱ የበጠሰውን ጊዜ «የኔን ጎመን ስጪኝ» ብሎ ሁለት ጉርሻ በላ። መቁጠርም የጀመረው ድንች ሲያጥብ ነው፤ ሦስትን እየዘለለ ቢሆንም።

አልዋሻችሁም፣ ችግርም አለው። የ15 ደቂቃ ሥራ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ዱቄቱ ፀጉሩ ላይ ነው፣ ውሃው ወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከሥራ ደክማችሁ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሁሉም ተርቦ ባለበት ማታ አትሞክሩት። ለቅዳሜና ለእሁድ ጠዋት አቆዩት። ሲሰለቸው ደግሞ ተዉት። እያገዘ ነው እንጂ አልተቀጠረም። በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን አደራ! የሷ ጨዋታ ቀስ በቀስ ወደ ግዴታ ዞሮ፣ ወንድሟ ሳሎን ካርቱን ሲያይ እሷ ሳፋ ታቅፋ እንዳትቀር። ትሪው ለሁለቱም ነው።

አማቴስ? ባለፈው እሁድ ጠዋት መጡ። ቁርስ ፍርፍር ነበር። እንጀራውን የቆራረሰው እሱ ነው፤ አንዱ ጥፍር፣ አንዱ መዳፍ ያህላል። አማቴ ሳህኑን ገልበጥ አድርገው አዩና «ይሄን ደግሞ ማን ነው እንዲህ የቆረሰው?» አሉ። «እኔ!» ብሎ ተነሣ። እኔ ተሳቀቅኩ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አማቴ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ደገሙ። ከዚያ ትልቁን ቁራጭ ጠቅልለው ለልጁ አጎረሱትና ወደ ልጃቸው ዞረው «አንተ በዕድሜህ አንድ ቀን እንዲህ አብልተኸኛል?» አሏቸው! ባለቤቴ በሚቀጥለው እሁድ ዕንቁላል ለመጥበስ ቃል ገብቷል። ዘይቱ መቼ እንደሚገባ የሚነግረው ልጁ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። የተረቱን እንጃ እንጂ እሁድ ዕለት ፍርፍሩ ለአምስታችን በቅቶ ተርፏል። አሁን «ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?» ለሚለኝ ሰው መልሴን ቀይሬያለሁ። «ልጅ ሆኜ፣ ማንም ሳያየኝ ማጀት ገብቼ ነው» እላለሁ።