ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌትና ስለ መለካት

ገንዘብ የተረፈው ሰው አሮጌ ሞተር ሲያሳድስ ብዙ ማሰብ የለበትም። ፒስቶኑንም፣ ኩሽኔታውንም፣ ቢየላውንም ባንድነት አስወጥቶ ይጥላል፤ በምትካቸውም አዲስ ያስገባል፤ የትኛው ደኅና እንደ ነበረ፣ የትኛውም እንዳለቀ ሳያውቅ ሥራው ይፈጸምለታል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም። እርሱ በእያንዳንዱ ብረት ፊት ቆሞ «አንተ አልቀሃል ወይስ አላለቅህም? ካለቅህስ ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ከሀብታም ይልቅ ድኻው መለካት ይበዛበታል። ብዙ ወጣቶች ይህን ነገር ገልብጠው ሲያስቡት አያለሁ፤ ገንዘብ ካነሰ ሥራው በግምት ቢሠራ አያስነቅፍም የሚሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ግምት የሀብታም ቅንጦት ነው እላለሁ፤ ግምቱ ቢስት ሁለተኛ መግዛት የሚችለው እርሱ ነውና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአክስቴ ሞተር ብስክሌት ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛው ያማሃ ዲቲ 125 ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል በግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ቆመ፤ ዶሮዎችም ኮርቻው ላይ ያድሩ ነበር። ልጇ በአዋሽ በኩል ሥራ ባገኘ ጊዜ ከመንደር ወደ መንደር የሚዘዋወርበት ነገር አስፈለገው። አክስቴም የዕቁቧ ዕጣ ወጥቶላት ስለ ነበር ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «ከዚህ በላይ የለኝም፤ ከዚህ በላይም አልበደርም» አለችኝ።

አስቀድመን ያሳየነው መካኒክ ካርቡራቶሬውን አጥቦ፣ ካንዴላውን ለውጦ፣ ሞተሩን አስነሣና ጆሮውን አዘነበለ። «ሲሊንደሩ አልቋል፤ ይህ የሚንቋቋው ፒስቶኑ እየተወዛወዘ ነው። ነገር ግን እትዬ፣ ሲግል ድምፁ ይጠፋል። ቀለም እናስቀባው፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሩብ ሰዓት አስነሥተን እናሙቀው፤ ከዚያ ይሸጣል፤ እርስዎም ጨምረው ሌላ ይገዛሉ» አላት። በሙያው በኩል ሰውየው እውነቱን ነው። ፒስቶኑ የተሠራበት አሉሚኒየም በሙቀት ጊዜ ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ ይሰፋል፤ ክፍተቱም ስለሚጠብ ድምፁ ይቀንሳል። አክስቴ ግን ስለ አሉሚኒየም አልጠየቀችውም። «የሚገዛው ማነው?» አለችው። «ማን ያውቃል፤ አንድ ልጅ ይሆናል» ሲላት፣ «ልጅ ከሆነማ እናት አለችው» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሞተሩም ወደ ቤቴ መጣ።

መፍታቱ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የጫማ ካርቶንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ካርቶኑ ላይ የሞተሩን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ሰክተህ ብታስቀምጠው ስትገጥም አትደናገርም። በነገራችን ላይ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን አፍ የቀሩ ናቸው፤ የአገራችን መካኒክ ቃሉን ወስዶ የራሱ አድርጎታል፤ አሁን ማንም አይመልሰውም።

ዋናው ጥያቄ ሲሊንደሩ ምን ያህል አልቋል የሚለው ነበር። የዚህ ሞተር ሲሊንደር አዲስ ሳለ ውስጡ 56 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ፒስቶኑም 50 ሚሊሜትር ይመላለሳል። የሲሊንደርን ውስጥ በትክክል የሚለካው መሣሪያ ውድ ነው፤ እኛም አልነበረንም። ነገር ግን እጅግ ርካሽ የሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው። አንዱን ፋሻ ከፒስቶኑ ላይ አውጥተህ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ አግባው፤ እንዳያዘነብልም በፒስቶኑ ራስ ቀስ ብለህ ግፋው። መጀመሪያ ከታች፣ ፋሻ ከማይደርስበት ቦታ አድርሰህ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ፋሻው ዘወትር ከሚፈጭበት ቦታ አምጥተህ እንደ ገና ለካ። በእኛ ሲሊንደር ከታች 0.30፣ ከላይ 0.80 ሚሊሜትር ሆነ። ልዩነቱ 0.50 ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤት የተማርከው የክብ ስሌት እዚህ ይጠቅምሃል፤ የክብ ዙሪያ ከስፋቱ 3.14 ጊዜ ይበልጣልና፣ 0.50ን ለ3.14 ብናካፍለው 0.16 ሚሊሜትር ያህል እናገኛለን። ሲሊንደሩ በስፋቱ ያለቀው ይህን ያህል ነው ማለት ነው። ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ የብረት ቅጠል የውዱን መሣሪያ ሥራ ሠራልን። እኔ በበኩሌ በዚያች ማታ የተሰማኝን ደስታ ለማንም በቀላሉ ላስረዳ አልችልም።

0.16 ብዙ ነው፤ ሬቲፊካ ግድ ሆነ፤ ማለትም ሲሊንደሩ በመሣሪያ ተፍቆ ሰፋ ያለ ፒስቶን ሊገባለት ነው። ትርፍ ስፋት ያላቸው ፒስቶኖች በ0.25 እያደጉ ይገኛሉ። ያለቀው ቦታ ዙሪያውን እኩል ስላላለቀ 0.25 ሊያጠራው አልቻለም፤ 0.50 መረጥን። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ፒስቶኑ አስቀድሞ ይገዛል፤ ሲሊንደሩም በእርሱ ልክ ይፋቃል እንጂ አስቀድሞ ተፍቆ ፒስቶን አይፈለግለትም። በሶማሌ ተራ አንድ ነጋዴ ካቀረበልን ሁለት ፒስቶኖች ርካሹ ላይ 0.50 የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ በማይክሮሜትር ስንለካው ግን ከተጻፈበት አንሶ ተገኘ። ነጋዴው ተቆጣ፤ እኛም ሌላውን ገዝተን ሄድን። የሬቲፊካ ባለሙያውን ደግሞ የመስኮቶቹን ጠርዝ እንዲያለዝብልን ለመንነው፤ የዚህ ዓይነት ሲሊንደር በጎኑ ቀዳዳዎች አሉትና ስለታም ጠርዝ ፋሻውን ይዞ ይሰብረዋል።

ወደ ቢየላው ስንመጣ ግን መለካት ገንዘብ አዳነልን። ቢየላውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው፤ በዚህ አቅጣጫ ምንም መላወስ ሊኖር አይገባም፤ ወደ ጎን ጥቂት ቢላወስ ግን ጤናው ነው። ብዙ ሰው የጎኑን አይቶ ይደነግጥና ሙሉውን ያስለውጣል። የእኛው ወደ ላይና ወደ ታች ንቅንቅ አላለም። ያም ባይሆን ኖሮ የአክስቴ መሐረብ ባዶ ይሆን ነበር።

ያላቆጠብነው በሁለቱ ፓራኦሊዮዎች ላይ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚንና አየሩን አስቀድሞ ወደ ሆዱ ስቦ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ሆዱ ከውጭ አየር የተዘጋ መሆን አለበት። እነዚህ ሁለት የጎማ ቀለበቶች ቢያፈሱ፣ በአንደኛው በኩል የሚገባው አየር ድብልቁን አሳስቶ ፒስቶኑን ያቃጥላል፤ በሁለተኛው በኩል ደግሞ የካምቢዮው ዘይት ተስቦ ይጨሳል። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ከውጭም አይታዩም፤ ለዚህም ነው ቀለም የሚያስቀባ ሰው የማይለውጣቸው።

ኩሽኔታዎቹን ለማስገባት መዶሻ አላስፈለገንም። የአሉሚኒየሙን አካል በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አጋድመን የውሃ ጠብታ ሲቆረጠምበት አነሣነው፤ በማቀዝቀዣ ያደረው ኩሽኔታ በእጅ ብቻ ገባ። አክስቴ ምጣዷን ሳታጥብ ለሳምንት ያህል እየተመለከተች «ይህ አሁን እንጀራ ይጋገርበታል?» ትል ነበር። ሦስት ጊዜ አጠብኩላት።

ሞተሩ ተነሣ። ልጇ በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ጋዙን እስከ መጨረሻው እንዳይከፍት ነገርኩት። ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ቀረን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩም በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ሞተሩ እንዳያፍን በካርቡራቶሬው ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የናስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ለውጠናል። አዋሽ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ይወፍራል፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ከሄደ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ፒስቶኑም ግሎ ይጣበቃል። ሰፊዋን ብሎን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከኮርቻው በታች ካለው የመሣሪያ ከረጢት ጨመርኳት፤ በወረቀትም «ቁልቁለቱን ከመጨረስህ በፊት ለውጣት» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ወረቀቷን ተቀብላ አነበበችና፣ በራሷ እጅ ከታች «ካቻቪቴውን አትርሳ» የሚል ጨመረችበት።