ወስፌው ከቆሎው ሥር ነው

ሚኒያፖሊስ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለእሙዬ፤

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ እናትሽ ከጎኔ ስለነበረች ተውኩት። ለምን እንደሆነ ስታነቢው ይገባሻል። ፊደሉን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን እያለቀስሽ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የፊታችን ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር በረዶ በሆነው ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ዓሣ ልታጠምዱ መሆኑን ሰምተናል። እናትሽ ሁለት ቅሬታ አላት። አንደኛው፣ ቀኑ ከተራ ነው፤ በጋድ ቀን ደግሞ ምን የሚሉት ዓሣ ነው ትላለች። መያዝ እንጂ መብላት አልተባለም ብዬ ልከራከርልሽ ሞክሬ ነበር፤ ተረታሁ። ሁለተኛው፣ ሰው እንዴት ሐይቅ ላይ ጎጆ ቀልሶ ያድራል የሚል ነው። በዚህኛው ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን እንደ እሷ አትሂጂ ልልሽ አይደለም። ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት ግን ሃያ ዓመት የደበቅኩትን አንድ ነገር ስሚኝ።

ኖኮሚስ ሐይቅ ትዝ ይልሻል? ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። የክፍል ጓደኞችሽ ስኬቲንግ ሲጫወቱ አንቺም ጫማ ተውሰሽ ገባሽ። እኔ ከመኪናው ወርጄ እየጮህኩ መጣሁና በኮትሽ ኮፍያ ጎትቼ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ፣ አወጣሁሽ። እስከ ቤት አላናገርሽኝም። ልክ ነበርሽ። በየዓመቱ ጥር ላይ ከየስቴቱ የመጡ ሆኪ ተጫዋቾች የሚወዳደሩበት ሐይቅ ነው፤ የዚያን ቀን በረዶው የጭነት መኪና ይሸከም ነበር። እኔ ግን ያየሁት ኖኮሚስን አልነበረም።

ያየሁት የ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥን ነው። አንቺ በእናትሽ ሆድ ውስጥ ነበርሽ። እኔ የሌሊት ፈረቃ እየገባሁ የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ። ቤታችን ከሌክ ኦፍ ዘ አይልስ አይርቅም፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ሌክ ስትሪት ላይ ነው። ዞሬ ከምሄድ በላዩ ባቋርጥ አሥር ደቂቃ አተርፋለሁ። በረዶው ላይ የሰው ዱካ አለ፣ የውሻ ዱካ አለ። ሦስት ቀን ተሻገርኩበት፤ ምንም አልሆንኩም። በአራተኛው ቀን መንገዱን ይበልጥ ላሳጥር ብዬ ይህን ሐይቅ ከብዴ ማካ ስካ ሐይቅ ጋር በሚያገናኘው ቦይ፣ በድልድዩ ሥር ገባሁ። (የኋለኛው ሐይቅ ስም ያኔ ካልሁን ነበር። ስሙ ተቀይሯል፤ ቦዩ ግን ያው ነው።)

ፊልም ላይ እንደሚታየው ቀድሞ ሲሰነጠቅ አልሰማሁም። እግሬ ሄደ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ነኝ።

እኔ የጣና ልጅ ነኝ። ዋና መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ባሕር ዳር እያለን ታንኳ ተከትለን እንዋኝ ነበር። ውሃ ይገድለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያ ውሃ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ደረቴን ጨምድዶ ያዘው፤ ሳልፈልግ አፌ ይከፈትና አየር ይስባል፣ ይስባል፣ ማስወጣት የለም። ጭንቅላቴ ከውሃው ሥር እያለ አንዷን ትንፋሽ ስቤ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው አይኖርም ነበር። ጠርዙን በክንዴ ስደገፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ይቆረሳል። እንደገና ስይዘው እንደገና ይቆረሳል። ጓንቴ ያንሸራትተኛል። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ አንድ ሽማግሌ አየኝ። ወደ እኔ አልሮጠም፤ ሁለታችንንም ያተረፈን አለመሮጡ ነው። ገና ከሩቁ በሆዱ ተኛና የውሻውን ማሰሪያ ወረወረልኝ። "እግርህን! እግርህን ምታ!" እያለ ይጮኻል። እግሬን እንደ ዋና ስመታ ሰውነቴ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ በሆዴ እየተሳብኩ ወጣሁ። ልቆም ስል ተቆጣኝና በመጣህበት በኩል እየተንከባለልክ ና አለኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ለእናትሽ የሥራ ቦታ ቧንቧ ፈነዳብኝ አልኳት። ነፍሰ ጡር ነበረችና ምን ልበላት? እስከ ዛሬ ያንን ቧንቧ ትረግማለች።

ከዚያ በኋላ እንደ ተማሪ ሐይቅ አጠና ጀመር። መጀመሪያ የገባኝ ጉድለቴ ቃል መሆኑ ነው። እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን በረዶ እንላለን፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም በረዶ፣ ሐይቅ ላይ የሚጋገረውንም በረዶ። ለአያትሽ ስልክ ደውዬ "ሐይቁ በረዶ ሆነ" ስላት "አይ፣ እህሉን መታው?" ነበር ያለችኝ። ሐይቁ ላይ ግን አንዱ በረዶ የሌላው ጠላት ነው። ከላይ የሚረግፈው ለሥረኛው ጋቢ ይሆነዋል፤ ብርዱ እንዳይደርሰው ይሸፍነውና እንዳይወፍር ያደርገዋል። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሆኖ እንኳ ከጋቢው ሥር ስስ ቦታ አይጠፋም። የሚፈስ ውሃ ደግሞ ከሥር ይበላዋል። ቦዩ የበላኝ በዚህ ነው፤ መሀል ሐይቁ ሲሸከመኝ የድልድዩ ሥር ጣለኝ። ድልድይ፣ ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ምንጭ ያለበት ቦታ ሁሉ እንደዚያው ነው።

ቀለሙንም እዪ። መስታወት የሚመስለው፣ ጥቁር ሰማያዊው ጠንካራ ነው። ነጩ ውስጡ አየር ስላለበት እጥፍ ውፍረት ካልሆነ አይታመንም። ግራጫ ከሆነ ውሃ ጠጥቷልና ዙረሽው እለፊ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ 4 ኢንች ይላል፤ አውራ ጣትን ጨምሮ የአንድ መዳፍ ጎን ያህል ነው። ለትንሽ መኪና ከ9 እስከ 10፣ አንድ ስንዝር ማለት ነው። ለመካከለኛ ፒክአፕ 13። ይህ ሁሉ ጥርት ስላለው፣ መስታወት ስለሚመስለው በረዶ ነው። ጓደኛሽ ፒክአፕ እንዳለው ነግረሽኛል፤ ለክቶ እንደሆነ ጠይቂው። "ሁሉም እየነዱ ነው" ካለሽ አባቴም ዱካ አይቶ ነበር በዪው። በረዶው ላይ ሲነዳ በዝግታ ይሁን፣ ቀበቶ ይፈታ፣ መስኮት ይከፈት። ብርድ ነው ብሎ የሚያጉረመርም ካለ አንቺ ውረጂና በእግርሽ ሂጂ።

ሚል ላክስ ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ ሆነሽ ዳርቻው ላይታይሽ ይችላል። ሌሊት ሐይቁ እንደ በሬ ያጓራል። አትደንግጪ፤ ብርዱ ሲጠነክርና ሲላላ በረዶው እየተሳሳበ ነው። የሚያስፈራው የሚጮኸው ሳይሆን ዝም ብሎ የሚሄደው ነው። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ አፐር ሬድ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ከ100 በላይ ሰዎች የቆሙበት በረዶ ከዳርቻው ተገንጥሎ ይዟቸው ሄደ። ሁሉም በጀልባ ወጡ፣ ተመስገን። የዚያ ዓመት ብርድ በሚኒሶታ ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ የለዘበው ነበር። አንቺ በምትኖሪበት በዱሉዝ ደጃፍሽ ላይ ያለው ሱፔሪየር ደግሞ በትንሽ ምክንያት እንዲህ የሚያደርግ ሐይቅ ነው፤ ነፋሱ አንዴ ዞር ካለ በቃው። እሱ ላይ ከቶ አትውጪ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጎጆው ውስጥ ሂተር ይኖራል። አገር ቤት ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ታሪክ እናትሽ ስንቴ ነግራሻለች? ያ ሂተር ያው ከሰል ነው፤ ጭሱ ስለማይታይ ብቻ አይለይም። የአየር መግቢያው ክፍት መሆኑን እዪ፤ የጋዝ ማስጠንቀቂያውንም በእጅሽ ተጭነሽ ሲጮህ ስሚው።

አያድርገውና ውሃው ውስጥ ብትገቢ ይህን አስታውሺ። ካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ጊዝብሬክት የሚባል ፕሮፌሰር አለ፤ ራሱን ደጋግሞ በረዶ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚያጠና ሰው። (ፕሮፌሰርነት ብዙ ዓይነት ነው።) ያወጣው ስሌት 1፣ 10፣ 1 ነው። ትንፋሽሽን ለመግራት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግርሽ እስኪከዱሽ አሥር ደቂቃ፣ ብርዱ ራስ እስኪያስት ደግሞ አንድ ሰዓት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ በአሥር ሰከንድ የምሞት መስሎኝ የመጀመሪያዋን ደቂቃ በመንፈራገጥ ጨረስኳት። አንቺ መጀመሪያ ተንፍሺ። ከዚያ ወደ መጣሽበት ዙሪ፣ ቅድም የተሸከመሽ እሱ ነውና። እግርሽን ምቺ። የቀረውን ከላይ ከሽማግሌው ሰምተሻል።

በፖስታ የላክሁልሽን እሽግ ስትከፍቺ ቆሎና በርበሬ ታገኛለሽ። ከቆሎው ሥር በገመድ የተያያዙ፣ ጫፋቸው ሹል ብረት የሆነ ሁለት እጀታዎች አሉ። የበረዶውን ጠርዝ ወግተሽ ራስሽን የምትስቢባቸው ናቸው፤ እኔ ያኔ ኖረውኝ ቢሆን ጣቴ መክዳቱ አያሳስበኝም ነበር። በአንገትሽ ላይ፣ ከኮትሽ ውጭ አንጠልጥያቸው። ቦርሳሽ ውስጥ ካሉ የሉም ማለት ነው።

እሽጉን ሳዘጋጅ እናትሽ አይታቸው "ይሄ ወስፌ ምን ያደርግላታል? ስፌት ጀመረች እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ደስታዋን ብታዪ! ለእህቷ ሁሉ ደውላ ነገረች።

እንግዲህ ስትደውል ከጠየቀችሽ ሙዳይ እየሰፋሽ ነው።

አባትሽ