ሦስተኛው እግር

ከበራችን ጀርባ አንድ ምርኩዝ ቆሟል። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ላዩ በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ ታቹ በውሃ ጠቁሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹‹ለሌባ ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴ ትስቃለች። እኔ ‹‹ለውሃ ነው›› እልና ዝም እላለሁ። ነሐሴ ገብቶ፣ የዓለም ባንክ ቆርቆሮ ሁሉ በአንድ ድምፅ በሚያጉረመርምበት በዛሬው ምሽት ግን ያንን ዝምታዬን ልፈታው ወደድሁ።

የምኖረው ዓለም ባንክ ነው፤ የምሠራውም ባንክ ነው። ወዳጆቼ ‹‹ከባንክ ወጥቶ ባንክ የሚያድር›› እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ የስንኝ ቀለም። ከወንዝ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን ይዤ ወደ ባሌ ሄድሁ። የጠራኝ ሮቤ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ‹‹ና፣ ዌብ ወንዝ ላይ ዓሣ እናጠምዳለን›› አለኝ። እኔ የማውቀው ዓሣ በጀልባና በመረብ የሚያዘውን የዝዋይንና የሐዋሳን ነው። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ግን ትራውት የተባለ፣ ቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ የሚወድ ዓሣ አለ። ትውልዱ እዚህ አይደለም፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። አጠማመዱም ለየት ይላል። ላባና ክር የተጠመጠመበት፣ ዝንብ የመሰለ መንጠቆ በረጅም ዘንግ ይወረወራል፤ ዓሣውም እውነተኛ ዝንብ ውሃው ላይ ያረፈ መስሎት ይነሣል። ለዚህ ሲባል አጥማጁ ዳር ቆሞ አይቀርም፤ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ዲንሾ ላይ አንድ ሽማግሌ ይመሩን ጀመር። ለብዙ ዘመን የውጭ አገር አጥማጆችን በዚያ ወንዝ ዳር ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከያዟቸው ሁለት ምርኩዞች አንዱን ሰጡኝ።

‹‹ይህ ሦስተኛው እግርህ ነው፣ ልጄ›› አሉኝ። ‹‹ውሃ ውስጥ ሁለቱ ሳይተከሉ ሦስተኛው አይነሣም። ፊትህን ውሃው ወደሚመጣበት አዙር፤ ምርኩዝህን ከፊትህ ትከል፤ ጎን ለጎን ተንፏቀቅ እንጂ እግርህን አታጣምር። ከጉልበትህ ካለፈ ተመለስ።››

‹‹እሺ፣ ጋሼ›› አልሁና ዘወር ሲሉልኝ ምርኩዙን ሣሩ ላይ ጣልሁት። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ዱላ ተደግፎ መሄድ የሽማግሌ ወግ መሰለኝ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይህን አባባል ስንት ጊዜ በግጥም ውስጥ ላስገባው ሞክሬያለሁ! ትርጉሙ የገባኝ ግን በዚያች ጠዋት ነው። ዌብ ጥርት ብሎ ይወርድ ነበር፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥርት ያለ ውሃ ደግሞ ጥልቀቱን ይደብቃል፤ ወለሉ ከእውነተኛው ቦታ ቀረብ ብሎ ይታያል። አንድ ዓሣ ብልጭ አለ፤ አንድ እርምጃ ተከተልሁት። ሌላም ብልጭ አለ፤ ሌላ እርምጃ ጨመርሁ። ቀና ስል ውሃው ጭኔ ላይ ደርሷል። ያኔ ደንግጬ ለመመለስ ጀርባዬን ለውሃው ሰጠሁ። ከጉልበቴ ኋላ ገፋኝ፤ ከእግሬ ሥር ጠጠሩ ሸሸ፤ ወደቅሁ።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ስፍራ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃውን ነው። ከጓደኛዬ የተዋስሁት እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪም ውሃ ሞላው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ሱሪ ሰውን ወደ ታች ይጎትታል ብሎ ይሰጋል። ነገር ግን ውሃ በውሃ ውስጥ ክብደት የለውም፤ ሸክሙ የሚታወቀው ለመውጣት ሲሞክሩ ነው። ወገብ ላይ ቀበቶ የሚጠብቀውም ውሃው ቶሎ እንዳይገባ ነው። የእኔ ቀበቶ ላልቶ ነበር።

ለመቆም ታገልሁ። ከዳር ጩኸት ሰማሁ፤ ‹‹አትቁም! በጀርባህ ተኛ! እግርህን ወደ ታች!›› ሽማግሌው ናቸው። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ልቁም ያለ ሰው እግሩ በድንጋይ መሐል ከተቀረቀረ ውሃው በላዩ ይተኛበታል። በጀርባዬ ተንጋለልሁ፤ እግሬ ውሃው ወደሚሄድበት ሆነ። እርሳቸውም ዳር ዳሩን ቀድመውኝ ሮጡና ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ሣሩ ላይ ተኝተው ምርኩዙን ዘረጉልኝ። እኔ የጣልሁትን ምርኩዝ።

እሳት ዳር ስንቀመጥ በልቤ ቅሬታ ነበረኝ። ለምን ዘለው አልገቡም? ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

‹‹ወንድሜ አንድ ልጅ ሊያወጣ ዘሎ ገባ›› አሉኝ እሳቱን እየቆሰቆሱ። ‹‹ሁለቱንም ከታች አገኘናቸው።››

‹‹እዚህ ዌብ ላይ ነው፣ ጋሼ?››

‹‹ዌብ ቢሆንማ ይፈራ ነበር። ስም እንኳ በሌላት ጅረት ነው። በበጋ ጥጃ የሚዘላት።››

ከባሌ ስመለስ የያዝሁት ዓሣ አልነበረም፤ ያ ምርኩዝና ይህ ቃል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዝ ባነበብሁ ቁጥር ያው ነገር ይገጥመኛል። በ1968 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ወታደሮች የሚበዙበት ቡድን ዓባይን በጀልባ ወርዶ ነበር። ከመካከላቸው ኢያን ማክላውድ የተባለው ወታደር ሰጥሞ የሞተው ግን ያ ሁሉ ዝግጅት በተደረገለት በዓባይ ላይ አይደለም፤ ገባር ወንዝ ሲሻገሩ ነው። የድሬዳዋው ደቻቱም ዓመቱን በአብዛኛው ሰው የሚመላለስበት አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ከተራራው የወረደ ደራሽ ጎርፍ ሞላበትና ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ትልቁን ወንዝ እንፈራዋለን። የሚወስደን የናቅነው ነው።

ከሰፈራችን በታችም ወደ አቃቂ የምትወርድ አንዲት ጅረት አለች። በጥር ቁርጭምጭሚት አታርስም። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ልጄን ይዤ ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥሁ ልሻገራት ወረድሁ። ሰፈሩ ላይ ዝናብ አልነበረም፤ ወደ ላይ፣ በእንጦጦ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ውሃው ከጉልበት በታች ነው። ሆኖም መልኩ ወደ ቡናማ ተለውጦ፣ ገለባና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይወርዳል። ሽማግሌው አንዱን ነገር አጥብቀው ነግረውኝ ነበር፤ ‹‹ወንዝ መልኩን ከለወጠና ጭራሮ ከያዘ፣ ከላይ የላከው አለ ማለት ነው።››

ቆምሁ። ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ ተሻገሩ። አንዲት እናት ‹‹ምነው ወንድሜ፣ ይህን ፈርተህ ነው?›› አሉኝ። አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ልጄን ይዤ በድልድዩ በኩል ዞርሁ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀብን።

በዚያ ቀን ጅረቷ ማንንም አልወሰደችም። ሁሉም በሰላም ተሻገረ። እኔ ብቻ ዘግይቼ ገባሁና ምክንያቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ‹‹ወንዝ ሞልቶብኝ›› ብዬ እንዳልጽፍ አልሞላም። ‹‹ሊሞላ ይችል ስለ ነበር›› ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ወረቀቱን አንብቦ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

ማታ ልጄ ‹‹አባዬ፣ ሁሉም ሲሻገር እኛ ለምን ዞርን?›› ሲል ጠየቀኝ። ምርኩዙን ከበሩ ጀርባ አምጥቼ በእጁ አስያዝሁት፤ ከእርሱ ይረዝማል። ስለ ዌብ፣ በሣር ላይ ተኝተው ስለ ታደጉኝ ሽማግሌ፣ ጥጃ ስለሚዘላት ጅረትም አወራሁለት። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ አልለቀቀውም። ከተኛ በኋላ እነዚህን ስንኞች ጻፍሁ፤

ታላቁን ወንዝ ፈራን፣ ድልድይ ጣልንበት፤
ታናሹን ግን ናቅነው፣ ልጅ አጣንበት።
ውሃ እያሳሳቀ ስንቱን ይበላል፤
ዘግይቶ መድረስም መድረስ ይባላል።