ከሮቤ ለሕክምና የመጣ ሰው መንገዱን ተሻግሮ ይየው!

ከአርሲዋ ሮቤ (የባሌዋን ማለቴ አይደለም) አዲስ አበባ ድረስ ሰውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሽርሽር አይደለም፡፡ መንገደኛው በኢተያ አድርጎ፣ አዳማን አልፎ የሚመጣው ሪፈር ወረቀት ይዞ፣ “ጥቁር አንበሳ በየት ነው?” እያለ ነው፡፡ ከዚያማ ወረፋ… ቀጠሮ… እንደገና ወረፋ…

እናም አስታማሚ ወገኔ፣ ትንፋሽ ባገኘህ ሰዓት የቸርችልን ጎዳና ተሻገር፡፡ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ቀይ ኮከብ የተሸከመ ረጅም ዓምድ የቆመበት ቅጥር አለ፡፡ ትግላችን ሐውልት ይባላል፤ የኢትዮጵያና የኩባ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው፡፡ ታክሲ ከያዝክ ግን “ወዳጅነት ፓርክ” እንዳትል! ሸራተን አካባቢ ወዳለው ወደ አዲሱ ይወስዱሃል፡፡

መቼም እኛ አርሲዎች የባዕድ ወዳጅነትን የምናውቀው በስንዴ ነው፡፡ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ሆነው አሰላ ላይ ካዱን ሲያቋቁሙ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የተሻሻለች ላም ይዘው ነው የመጡት፡፡ ኩባ ደግሞ የሰጠችው ልጆቿን ነው፡፡ በ1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ከዚያች ሩቅ ደሴት በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች መጡ፤ ካራማራ በ1970 ዓ.ም. ሲለቀቅ ከእኛዎቹ ጎን ነበሩ፡፡ ሐውልቱ የተመረቀው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ቅርጻ ቅርጾቹን የሰጠችው ሰሜን ኮሪያ ነች፡፡

ዓምዱን ዓይተህ ብቻ አትመለስ፡፡ ፎቶግራፎቹ ጋ ቁም፡፡ አገራቸው ሳይገቡ የቀሩ ከ160 በላይ ኩባውያን ናቸው፤ አብዛኞቹ ገና ጎረምሳ! ኩባ በፋንታዋ ጦርነቱ አባት ያሳጣቸውን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻችንን ወስዳ አስተምራለች፡፡ ዛሬም ስፓኒሽ አቀላጥፎ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ሐኪም ቢያጋጥምህ አይግረምህ፡፡

ታዲያ የእኛዎቹስ? ከእርሻው ተጠርቶ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የዘመተው ሚሊሺያ ብዙው ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሳ ነው የሄደው፡፡ ስሙ ያለው አብሮት በነበረው ሰው አፍ ላይ ነው፤ እነሱም እያረጁ፣ እያለፉ ናቸው፡፡ ስለዚህ በሽተኛህ ድኖልህ አገርህ ስትገባ፣ በሰፈርህ ያን ዘመቻ የዘመተ አባት ካለ ቡና አስፈልተህ አጠገቡ ተቀመጥ፡፡ “አባባ፣ ከጎንዎ ማን ነበር?” በል፡፡ የሚነግርህንም ስም በወረቀት ጻፈው፡፡