የቡሄ ጅራፍ

ልጆች ሆይ! በአገራችን ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ያለው የዝናም ወራት ነው። በሰሜን ባሉት ሩቅ አገሮች ክረምት በመጣ ጊዜ ምድር በበረዶ ትሸፈናለች፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋራ በላዩ እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። እኔ በተወለድሁበት በደብረ ታቦር ግን የክረምት ጨዋታ በጭቃና በጉም መካከል ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ብርዱ ይጸናል። ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራም ብዙ ቀን በደመና ተሸፍኖ ይሰነብታል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ሁሉ እሳት ከቦ ይውላል።

ነሐሴ በገባ ጊዜ ግን ዝም ያለው ሜዳ በጅራፍ ድምፅ ይሞላል። ይህም የቡሄ በዓል መቅረቡን ያስታውቃል። ቡሄ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል፤ የበዓሉም ሌላ ስም ደብረ ታቦር ነው። ይኸውም ጌታ ብርሃኑን በገለጠበት፥ በገሊላ ባለው በታቦር ተራራ ስም የተጠራ ነው፤ ከተማችንም ስምዋን ያገኘችው ከዚሁ ተራራ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፥ በዚያች ሌሊት እረኞች ብርሃኑን አይተው ገና ቀን ስለ መሰላቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ችቦ ይበራል፤ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚጨፍሩ ልጆችም ሙልሙል ይሰጣል።

የ9 ዓመት ልጅ በነበርሁ ጊዜ አባቴ ጅራፍ ሠራልኝ። ቃጫውን ከእጀታው በኩል አወፍሮ፥ ወደ ጫፉ እያቀጠነ ገመደው። ከዚያ በኋላ እናቴንና ታናሽ እኅቴን ጨምሮ ሁላችንን ከቤታችን በላይ ወዳለው ሜዳ ወሰደን። «ልጄ፥ አስቀድመህ ዙሪያህን ተመልከት፤ ጅራፉ ከሚደርስበት ስፍራ ሰው አይቁም። ከዚያ በኋላ ከራስህ በላይ አዙረህ ወዲያው ክንድህን መልስ» አለኝ። እርሱም ባጮኸው ጊዜ የገደል ማሚቶ መለሰለት። እናቴም በተራዋ ሞከረች፤ ነገር ግን ጅራፉ በነጠላዋ ላይ ስለ ተጠመጠመ ሁላችን ሳቅን።

ጅራፍ የሚጮኸው አንዳች ነገር በመምታቱ አይደለም። ክንድ የሰጠው ኃይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የጅራፉ ጫፍ ከዚህ ይልቅ በፈጠነ ጊዜ አየሩን እንደ መሰንጠቅ ስለሚያደርገው ይጮኻል። ይህን የተማርሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ድምፁ ሁሉ የእኔ ጉልበት መሰለኝ።

በማግሥቱ የጎረቤት ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው መጡ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ላጮኽ ስል የአባቴን ቃል ረሳሁ፤ ዙሪያዬንም ሳላይ ጅራፉን ወረወርሁ። እኅቴ ከኋላዬ ቆማ ነበረ። የጅራፉ ጫፍ ከዓይንዋ በታች ጉንጭዋን ሰነጠቀው፥ ደምም ወረደ። እኔም እርስዋን በማንሣት ፈንታ «ማን ቅረቢ አለሽ!» እያልሁ ከእርስዋ ይልቅ ጮኽሁ።

አባቴ ሮጦ መጣ። እኅቴን አቅፎ ቁስልዋን በንጹሕ ውሃ አጠበ፤ ዓይንዋም ደኅና መሆኑን ካየ በኋላ ወደ እኔ ዘወር አለ። በዚያው ጅራፍ የሚገርፈኝ መስሎኝ ተንቀጠቀጥሁ። እርሱ ግን፥ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ዛሬ በአንተ ተፈጸመ። አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቢሆን የእኅትህ ዓይን በጠፋ ነበረ» አለኝ። ጅራፉንም ወስዶ በግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከግርፋት ይልቅ ይህ ዝምታ አቃጠለኝ።

የቡሄ ዋዜማ በደረሰ ጊዜ አባቴ ችቦውን ለኰሰ፤ ጎረቤቶችም ሁሉ ወጡ። እናቴ ለልጆች ሙልሙል ስታድል እኔ ከሰው ኋላ ተደብቄ ቆምሁ። በመጨረሻ ወደ እኅቴ ቀርቤ፥ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ አልበደልሽም፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ሙልሙልዋን ከሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ከዚያም አባቴን ለምና ጅራፉን አስወርዳ አመጣችልኝ፤ «ወንድም ጋሼ፥ አጩኸው፤ እኔ ግን ከዚያ ማዶ ቆሜ እሰማለሁ» አለችኝ።

እኔም ዙሪያዬን ሦስት ጊዜ ተመለከትሁ። ጅራፉም ማንንም ሳይነካ በባዶው አየር ላይ ጮኸ፤ እኅቴም በሩቅ ሆና አጨበጨበች።

ልጆች ሆይ! ኃይል ያለው ነገር በእጃችሁ በያዛችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ብታጠፉም ፈጥናችሁ በድያለሁ በሉ እንጂ፥ ከተጎዳው ሰው ይልቅ አትጩኹ። የእኅቴ ጠባሳ እንደ ክር ቀጥኖ ዛሬም ይታያል። ቡሄ በመጣ ቍጥር እርስዋ ጠባሳዋን እየዳሰሰች ትስቃለች፤ እኔ ግን ዙሪያዬን እመለከታለሁ።