ሦስተኛው ሲሊንደር

ለረጅም ዘመን ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ የአዲስ አበባ መምህር አሮጌ ቮልስዋገን አለቻቸው። ጀርባዋ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው የዚህች መኪና ዘር የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ባለቤቷ ግን እንደ ዘመድ ይንከባከቧታል፤ ቢያንስ እርሳቸው እንዲያ ያምኑ ነበር።

በአንድ የክረምት ሰሞን ሞተሯ ይደነቃቀፍ ጀመር። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ላይ ኃይል ያንሳታል፤ ድምጿም እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ በየመካከሉ አንድ ምት ይጎድለዋል። መምህሩ ጥቂት አሰቡ፤ ፈጥነውም ፈረዱ። ከሦስት ሳምንት በፊት ካንዴላዋንና ፑንቲናዋን የለወጠው የጋራዡ ወጣት ረዳት ነበርና፣ «ይህ ልጅ አበላሸብኝ» አሉ። ካንዴላዎቹን እንደገና አስለወጡ፤ ሶማሌ ተራ ወርደው ቦቢና ገዙ፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በዝቷል በማለት ካርቡራተሩን አስተካከሉ። ገንዘቡ አለቀ፤ መደነቃቀፉ ግን አልቆመም። አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉት ይህን ነው።

በመጨረሻ ወደ ጋራዡ ተመልሰው ልጁን በሰው ፊት ዘለፉት፤ ከሥራው እንዲሰናበትም ጠየቁ። ከሚያገኛት ጥቂት ደመወዝ የእናቱን የቤት ኪራይ የሚከፍለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

የጋራዡ ባለቤት የሆኑት አዛውንት መካኒክ ግን፣ «መምህር፣ አስቀድመን መኪናዋን እንጠይቃት» አሉ። ሞተሩን አስነሥተው የካንዴላዎቹን ገመዶች እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ተራ በተራ ይነቅሉ ጀመር። የአንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ፤ የሁለተኛውና የአራተኛውም ሲነቀል እንዲሁ ሆነ። የሦስተኛው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ አልታየም፤ ቀድሞውንም አይሠራም ነበር።

ቀጥለውም የሦስተኛውን ካንዴላ ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው አዛወሩ። ሕመሙ ካንዴላውን አልተከተለም። የፑንቲናውን ክፍተት ቢለኩት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ልክ እንደ ደንቡ ሆኖ ተገኘ። «ፑንቲናው፣ ቦቢናው፣ ካርቡራተሩ፣ ከፍታውም ቢሆን ለአራቱም የጋራ ናቸው» አሉ አዛውንቱ፤ «የጋራ የሆነ ነገር አንዱን ብቻ ለይቶ አያሳምምም።» ከዚያም ሞተሩን በእጃቸው እያዞሩ ጆሯቸውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጉ። በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ መታመቅ የነበረበት አየር በዚያ በኩል እየፎጨ ሲያመልጥ ተሰማ። የማይዘጋው የጭስ ባልቦላው ነበር።

በቀደሙት የቮልስዋገን ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋርድ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ከጊዜ ብዛት ባልቦላው ሲረዝም ወይም መቀመጫው ሲበላ፣ ሊኖረው የሚገባው 0.10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጠፋል። ያን ጊዜ ባልቦላው ከመቀመጫው ላይ በሚገባ አያርፍም፤ ካላረፈ ሙቀቱን ማስተላለፍ አይችልም፤ በመሆኑም ይቃጠላል። ስለዚህ ክፍተቱ በየጊዜው፣ ያውም ሞተሩ ፈጽሞ በበረደ ጊዜ፣ መለካት አለበት።

አዛውንቱ ወደ ልጁ ዞረው፣ «ያን ዕለት ባልቦላውን ለምን አልለካህም?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ከመመለሱ በፊት መምህሩ ቀደሙት። ልጁ ያን ዕለት፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ እዚህ ትደር፤ ጧት ሞተሯ ሲበርድ ባልቦላዋን ልለካ» ብሎ ለምኗቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን፣ «የታዘዝከውን ብቻ ሥራ» ብለው ይዘዋት ሄደዋል። «የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ዘለፋውን የሰሙት ሁሉ ይህንንም ሰሙ።

እኒህ ሰው፣ የአንድን ነገር መንሥኤ ለማወቅ ሌላውን ሳይነኩ አንዱን ብቻ መለወጥ እንደሚገባ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ለብዙ ትውልድ አስተምረዋል። ሆኖም የምርመራው መንገድ ወደ ራሳቸው በር ሊያመራ በሚችልበት ጊዜ ትምህርታቸውን ዘነጉት። የዕውቀት ጽኑ ፈተናም ይኸው ነው፤ በሌላው ላይ የምንሠራበትን ሚዛን በራሳችን ላይ ለመሥራት መድፈር።

መኪናዋ በጋራዡ ሦስት ሌሊት አደረች። ቴስታታው ተፈትቶ የተቃጠለው ባልቦላ ሲለወጥ ሥራውን የሠራው ያው ልጅ ነው። መምህሩም የእጅ ባትሪ እያበሩለት አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ክፍተቱን እንዴት እንደሚለካም እንደ ተማሪ ጠየቁት።