ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ

ለእኔ፣ ለቃል ሠራተኛው፣ ቃል የሌላት አንዲት ዜማ መምህሬ ሆናለች። ስሟ «ጁክ» ነው፤ ተጫዋቿም ሊትል ዋልተር በመባል የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ማሪዮን ዋልተር ጃኮብስ።

ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1930 በሉዊዚያና ተወልዶ፣ ገና በለጋ ዕድሜው አርሞኒካውን ይዞ ቺካጎ ገባ፤ ከማዲ ዋተርስም ጋር ተጫወተ። የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ትንሿን መሣሪያ ሊውጣት ሲቃጣ፣ እርሱ አርሞኒካውንና ማይክሮፎኑን በመዳፎቹ አንድ ላይ አፍኖ ድምፅዋን አገዘፈ። በ1952 «ጁክ» በቢልቦርድ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ለ8 ሳምንታት አንደኛ ሆነች።

ክብሩ ግን አልሰነበተም። መጠጥና ጠብ ጎዱት፤ በ1968 ከአንድ አምባጓሮ በኋላ በ37 ዓመቱ አረፈ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሙን የመዘገበው በ2008 ነው።

እኔ ያን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ዋሽንት የሚያዜመው በሚወጣ ትንፋሽ ነው፤ አርሞኒካ ግን ወደ ውስጥ በሚሳበውም ጭምር ያዜማል፤ የብሉዝ ሰዎች አብልጠው የወደዱትም ይህንኑ ነው። በተውኔቶቼ ውስጥ ሰዎቼ ኀዘናቸውን ሲናገሩ እንጂ ሲውጡ አላሳየሁም ነበር። ከዋልተር ወዲህ ግን ከንግግሩ በፊት ያለውን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፤ ሕመሙ ያለው እዚያ ነውና።